ከሕፃኑ ጀርባ ውሃ ማስወሰድ ያስፈራል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምጽፍልዎ ከአዘዞ ነው። የእኅቴ ልጅ በተወለደ በዘጠኝ ቀኑ ጡት እንቢ አለ። ትኩሳት የለውም፣ ዝም ብሎ ይተኛል፤ እኛም ጨዋ ልጅ ነው እያልን ነበር። ማታ አንድ እጁ ሲንቀጠቀጥ ሆስፒታል ሮጥን። ማጅራት ገትር ሊሆን ይችላል፣ ከጀርባው ውሃ እንውሰድ ሲሉን እናታችን ሽባ ይሆናል ብለው አስከለከሉ። 21 ቀን መርፌ ተወግቶ ወጣ፤ አሁን ሦስት ወሩ ነው። መከልከላችን ልክ ነበር? ከዚህ በኋላስ ምን እናድርግ?

መልስ፦ እንኳን ተረፈላችሁ! እናታችሁ የፈሩት ለልጁ ሳስተው ነው፤ ግን መከልከሉ ልክ አልነበረም። መርፌው የሚገባው ህብለ ሰረሰር ከሚያልቅበት ዝቅ ብሎ ወገብ ላይ ስለሆነ ሽባ አያደርግም። የሚወሰደውም የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ፈሳሽ ነው። ከዚያች ፈሳሽ ግን በሽታው ማጅራት ገትር መሆኑ፣ ያመጣው ባክቴሪያና የሚገድለው መድኃኒት ሊታወቅ ይችላል። ካልተወሰደ ሐኪሙ በግምት ያክማል። አንዳንዱ ባክቴሪያ በ14 ቀን ሕክምና ይጠፋል፣ እንደ ኢኮላይ ያለው ግን ቢያንስ 21 ቀን ይፈልጋል፤ የትኛው እንደሆነ ሳይታወቅ ማሳጠር ደግሞ አደጋ ነው።

ዝምታውን በተመለከተ፣ እባካችሁ ለጎረቤትም ንገሩ። ጨቅላ እንደ ትልቅ ሰው አንገቴ ደረቀ፣ ራሴን አመመኝ አይልም። ትኩሳት ላይኖረው ይችላል፤ እንዲያውም ሰውነቱ ቀዝቅዞ የጎንደር ብርድ ነው ተብሎ የሚታለፍ አለ። ጡት ከተወ፣ ለመጥባት ካልነቃ፣ በደቂቃ 60 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ እርግብግቢቱ ከተወጠረ ወይም እንዳያችሁት እጅ እግሩ ከተንቀጠቀጠ፣ ቡዳ ነው፣ ዐይን ነው እየተባለ ሰዓት አይለፍ፤ ያኔውኑ ሆስፒታል! ጸሎቱን ማንም አይከለክልም፣ መንገድ ላይም ይጸለያል።

አሁን ዋናው የመስማት ምርመራ ነው። ይህ በሽታ የዳነ ልጅን ጆሮ ሊጎዳ ይችላል፤ ሕፃን ደግሞ አለመስማቱ የሚታወቀው ቆይቶ፣ አፍ መፍታት ሲዘገይ ነው። ድምፅ ሲሰማ ይደነግጣል ብላችሁ አትተዉት፣ ያከመው ሐኪም ወደ ጆሮ ክፍል ይላክላችሁ። በየቀጠሮው የጭንቅላቱን ዙሪያ አስለኩ፤ ከልክ በላይ በፍጥነት ካደገ ውሃ ቋጥሮ ሊሆን ይችላል። የ14 ሳምንት ክትባቱ አልፎት ከሆነም ነገ ሳትሉ ውሰዱት፤ ሌሎች የማጅራት ገትር ዓይነቶችን የሚከላከሉት እዚያው ውስጥ አሉ።