ከእቶን ደህና ወጥቶ ኦቭን ውስጥ የሚሰነጠቅ ሳህን

ጠያቂያችን በኤሌክትሪክ እቶን እስከ 1180 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚያቃጥሏቸው የሸክላ ሳህኖች ከእቶኑ ያለ እንከን ቢወጡም፣ ምግብ ተደርጎባቸው ኦቭን ሲገቡ ጠርዛቸው እንደሚሰነጠቅ ጽፈውልኛል። ጭቃው እንዲቀልላቸው ከስምጥ ሸለቆ የሚመጣውን፣ ዳያቶማይት የተባለውን ነጭና ቀላል አፈር ይቀላቅሉበታል፤ በከፍተኛው ሙቀት ላይም እቶኑን ለረጅም ሰዓት ያቆዩታል።

በላኩልኝ ፎቶ ላይ የስንጥቁ ከንፈር ስለታም ሲሆን ግሌዙም (በሳህኑ ላይ ቀልጦ የሚያብረቀርቀው ሽፋን) ወደ ውስጡ አልፈሰሰም። ስለዚህ ስንጥቁ የተፈጠረው ግሌዙ ቀልጦ ከረጋ በኋላ ነው ማለት ነው፤ የአሠራርዎ ወይም የአደራረቅዎ ጉድለት አይደለም።

ምክንያቱ ያለው ጭቃው ውስጥ ባለው ሲሊካ ላይ ነው። ሲሊካ ሁልጊዜ ከሲሊከንና ከኦክስጅን የተሠራ ቢሆንም አተሞቹ በተለያየ አኳኋን ይደራጃሉ። በግራናይትና በነጣ ያለ የወንዝ አሸዋ ውስጥ የምናገኘው ኳርትዝ ሲሆን፣ እርሱም በ573 ዲግሪ ላይ መጠኑን በድንገት ይለውጣል። ትሪዲማይትና ክሪስቶባላይት ደግሞ በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ክፍተቶች ውስጥ የሚበቅሉ ናቸው፤ ሁለቱም በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከሜክሲኮው የሳን ክሪስቶባል ተራራ በተገኙ ናሙናዎች ታወቁ። በአሪዞና የሜቴዎር ጉድጓድ የተገኙት ሌሎቹ የሲሊካ ዓይነቶች፣ ኮሳይትና ስቲሾቫይት፣ ግን ከፍተኛ ግፊት ስለሚፈልጉ ከእቶን አይወጡም።

የእርስዎ ችግር ክሪስቶባላይት ይመስለኛል። ዳያቶማይት በጥንት ሐይቆች ወለል ላይ የተከማቸ የጥቃቅን አልጌዎች ቅርፊት ነው፤ ሲሊካው ሲቆፈር ክሪስታል የለውም፣ ነገር ግን እጅግ የደቀቀ ስለሆነ ከ1000 ዲግሪ በላይ ሲቆይ በቀላሉ ወደ ክሪስቶባላይት ይለወጣል፤ ቆይታው በረዘመ ቁጥርም የክሪስቶባላይቱ ብዛት ይጨምራል። ክሪስቶባላይት ደግሞ ከ200 እስከ 270 ዲግሪ ባለው ክልል፣ ማለትም ልክ በኦቭን ሙቀት፣ የሚይዘውን ቦታ በ3 በመቶ ገደማ በድንገት ይቀይራል። እቶንዎ ቀስ ብሎ ስለሚቀዘቅዝ ሳህኑ ይህን ለውጥ ተቋቁሞ ያልፋል። ኦቭን ውስጥ ግን ባዶው ጠርዝ ያንን ሙቀት ሲያልፍ፣ ምግብ ያረፈበት መሐል ገና ቀዝቃዛ ነው፤ ጠርዙ ሲለጠጥ መሐሉ አልለጠጥ ስለሚል ሳህኑ ይሰነጠቃል።

ለኦቭን ዕቃ ዳያቶማይቱን ሙሉ በሙሉ ይተዉት፤ በምትኩ በደንብ የተወቀጠ ገል ይጠቀሙ። ፌልድስፓር ከተባለው ማዕድንም ጥቂት ይጨምሩ፤ ቀልጦ ብርጭቆ ስለሚሆን የደቀቀውን ሲሊካ ያሟሟዋል፣ ክሪስቶባላይት የሚያድግበትንም ዕድል ይቀንሳል። ሲበዛ ግን ሳህኑን ስለሚያጎብጠው በትንሽ በትንሹ እየጨመሩ በናሙና ይሞክሩ። በከፍተኛው ሙቀት ላይ የሚያቆዩበትንም ሰዓት ያሳጥሩ። የተረፈዎት ዳያቶማይት ለእቶኑ የውጭ ግድግዳ፣ ሙቀት ለሚያግድ ጡብ ቢውል ጥሩ ነው።

የተሰነጠቁትን ሳህኖች ግን እባክዎ ለገል አይውቀጧቸው። ክሪስቶባላይቱን መልሰው ጭቃው ውስጥ ያስገቡታል፤ ከዚያ የሚብሰው ደግሞ ብናኙ ነው፤ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ሲሊኮሲስ የሚባለውን የማይድን በሽታ ያስከትላል። የእቶኑን ክፍልም በደረቁ አይጥረጉ፤ በእርጥብ ጨርቅ ይወልውሉ። ዱቄት ሲመዝኑም የጨርቅ ማስክ በቂ ስላልሆነ ለብናኝ የተሠራውን ያድርጉ።