የበደልኳት ሴት ይቅር ካላለችኝ እግዚአብሔር ይምረኛል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአንዲት የሥራ ባልደረባዬ ጋር ተጣልቼ ያላደረገችውን «አድርጋለች» ብዬ ለአለቃችን ተናገርኩባት። በዚህ ምክንያት ከሥራ ተሰናበተች። ሕሊናዬ አላስቀምጥ ስላለኝ ለንስሐ አባቴ ተናዝዤ የተሰጠኝን ቀኖና ፈጸምኩ። ለእርሷም ደውዬ ይቅርታ ስጠይቃት «ሁለተኛ እንዳትደውይልኝ» ብላ ዘጋችብኝ። ከዚያ ወዲህ ገና ጸሎት ስጀምር ድምፅዋ ይመጣብኛል፤ ለመቁረብም ፈራሁ። ልጄ በታመመ ቁጥር «እግዚአብሔር አልታረቀኝም ማለት ነው» እላለሁ። እርሷ ካልማረችኝ እግዚአብሔር ይምረኛል ወይ?

መልስ፦ የተወደድሽ እኅታችን፣ አዎን፣ ይምርሻል። የእግዚአብሔር ምሕረት የዚያችን ሴት ፈቃድ ቆሞ አይጠብቅም። ነገር ግን በጥያቄሽ ውስጥ ሳታስቢው ያለፍሽው አንድ ነገር ስላለ ወደ እርሱ እመለሳለሁ።

ብዙዎቻችን ከእግዚአብሔር ጋር መታረቅን ስናስብ እርሱ ተቆጥቶ ፊቱን አዙሮ ተቀምጦ፣ እኛ በጾምና በእንባ ስናባብለው ይታየናል። ቅዱስ ጳውሎስ ግን የታረቅነው «ጠላቶች ሳለን» ነው ይላል (ሮሜ 5፥10)። ገና ሳንጸጸት፣ ገና ሳንለምን ማለት ነው። በሰው ዘንድ በዳይ ተበዳይን ይለማመጣል፤ በ2ኛ ቆሮንቶስ 5 ላይ ግን የተበደለው አምላክ ራሱ በሐዋርያቱ አፍ «ታረቁ» እያለ ይለምናል። ስለዚህ ሰላሙ የተሠራው በመስቀል ላይ ነው። የአንቺ ንስሐ ወደዚያ ወደተሠራው ሰላም መግባት ነው እንጂ አዲስ ሰላም ከእግዚአብሔር መግዛት አይደለም።

የጠፋውን ልጅ ታሪክ (ሉቃስ 15) በእርጋታ አንብቢው። ልጁ በርኃብ ሳለ ለአባቱ የሚናገረውን አዘጋጅቶ ነበር፤ የንግግሩም መጨረሻ «ከሞያተኞችህ (ከቅጥር ሠራተኞችህ) እንደ አንዱ አድርገኝ» የሚል ነው። ወደ ቤቱ ሲመለስ አባቱ ገና ከሩቅ አይቶት ሮጦ አቀፈው። ልጁም ያዘጋጀውን ጀመረ፤ «በደልሁ» አለ፣ «ልጅህ ልባል አይገባኝም» አለ። «ከሞያተኞችህ እንደ አንዱ» የምትለዋ ግን አልተከተለችም፤ አባትዬው ወዲያው ልብስና ቀለበት አምጡ ብሎ ባሮቹን አዘዘ። በደሉን ሲናዘዝ ሰማው፣ የቅጥር ውሉን ግን አልተቀበለውም። አንቺ ደግሞ ከተናዘዝሽ በኋላ ያንኑ የቅጥር ውል ይዘሽ የቆምሽ ይመስለኛል። «ቢያንስ እየተሰቃየሁ ልኑር» የሚል ሐሳብ ትሕትና ይመስላል፤ ውስጡ ሲታይ ግን ዕዳውን በራሴ ልክፈል ማለት ነው።

ታዲያ ልቤ ለምን አያርፍም? ትይ ይሆናል። ዳዊት ከነቢዩ ናታን አፍ «እግዚአብሔር ኃጢአትህን አርቆልሃል፤ አትሞትም» የሚለውን ቃል ሰምቷል (2ኛ ሳሙኤል 12)። ናታን በመጣበት ጊዜ እንደ ተዘመረ በሚነገረው መዝሙር ውስጥ ግን ገና «የማዳንህን ደስታ ስጠኝ» እያለ ይለምናል። ይቅርታውና የይቅርታው ደስታ አብረው ላይመጡ ይችላሉ። ዮሐንስም «ልባችን በእኛ ላይ ቢፈርድ እግዚአብሔር ከልባችን ይልቅ ታላቅ ነው» ብሎ ጽፎልናል (1ኛ ዮሐንስ 3፥20)።

ይህን ሁሉ ያልኩት ግን የልብሽን ጩኸት ሁሉ ዝም ለማሰኘት አይደለም። አንዳንዱ ጩኸት እውነት አለው።

የሐሰት ነገሩን የተናገርሽው ለአለቃሽ ነው። ይቅርታ የጠየቅሽው ግን እርሷን ብቻ፣ ያውም በስልክ ነው። አለቃሽ እስከ ዛሬ ድረስ ያች ሴት ጥፋተኛ እንደሆነች ያምናል። ስሟ በዚያ ቢሮ ውስጥ እንደቆሸሸ ነው። ምናልባት ሌላ ሥራ ስትፈልግ «የቀድሞ መሥሪያ ቤትሽ ለምን አሰናበተሽ?» ስትባል የምትመልሰው አጥታ ይሆናል። ስልኩን የዘጋችብሽ በክፋት ነው ብዬ ለመፍረድ እኔ አልደፍርም።

በኦሪቱ ሕግ ባልንጀራውን ያታለለ ሰው የወሰደውን መልሶ አምስተኛውን ክፍል ይጨምርበት ነበር፤ መሥዋዕቱም ከዚሁ ጋር ይቀርባል (ዘሌዋውያን 6)። ዘኬዎስም ጌታ ቤቱ በገባ ጊዜ በሐሰት የወሰደውን አራት እጥፍ እንደሚመልስ ተናገረ። መዳኑን በገንዘብ አልገዛም፤ የገባለት ጌታ እጁን ፈታለት እንጂ። አንቺም የወሰድሽባት ስሟን ነው፤ ስም ደግሞ ከተወሰደበት ቦታ ነው የሚመለሰው። ስለዚህ ለእርሷ ደግመሽ አትደውዪ፤ አትደውይልኝ ብላለች፣ ይከበርላት። ወደ አለቃሽ ሄደሽ ወይም በጽሑፍ «ያን ጊዜ የተናገርኩት ሐሰት ነበር» በዪ። ይህ ሥራሽን ሊያሳጣሽ ይችላል፤ ቀላል ነው ብዬ አላታልልሽም። ከዚያ በፊት ወደ ንስሐ አባትሽ ሄደሽ ነገሩን ከነዝርዝሩ ንገሪያቸው። አለቃሽ አሁንም ሐሰቱን እንደሚያምን ነግረሻቸው ነበር?

ይህን አድርገሽም እርሷ ይቅር ላትልሽ ትችላለች። ሐዋርያው «ቢቻላችሁስ በእናንተ በኩል ከሰው ሁሉ ጋር በሰላም ኑሩ» ይላል (ሮሜ 12፥18)። «በእናንተ በኩል» ነው ያለው፤ በእርሷ በኩል ያለው በእርሷና በእግዚአብሔር መካከል ነው። «ክርስቲያን ሆና እንዴት ይቅር አትልም?» እያልሽ ለሰው አታውሪ፤ ይህ በደል ላይ በደል ነው። በጸሎትሽ ስሟን አንሺ። እንድትምርሽ ብቻ ሳይሆን እንጀራዋ እንዲሰፋ፣ ቁስሏ እንዲሽር ለምኚላት። ድምፅዋ በጸሎትሽ መካከል ሲመጣብሽም አታባርሪው፤ ከዚያው ለእርሷ መጸለይ ጀምሪ።

ስለ ቁርባን የጠየቅሽውን በአጭሩ ልመልስ። በራስሽ ውሳኔ አትራቂ፣ በራስሽ ውሳኔም አትቅረቢ። ጌታ «መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ ሂድ፣ አስቀድመህ ከወንድምህ ጋር ታረቅ» ሲል ከዚያው ጋር «በኋላም መጥተህ መባህን አቅርብ» ብሏል (ማቴዎስ 5፥24)። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ይዞ ሁለተኛውን ይረሳና ዓመታት ያልፉታል። ደሙ «ለኃጢአት ይቅርታ» የፈሰሰ ነው (ማቴዎስ 26፥28)፤ ልባቸው ላረፈላቸው ብቻ የተሰጠ ሽልማት አይደለም። ከአለቃሽ ጋር ያለውን ከፈጸምሽ በኋላ መቼ እንደምትቀርቢ የንስሐ አባትሽ ይንገሩሽ፤ እርሳቸው ቅረቢ ካሉሽ ግን «ገና አልተሰማኝም» ብለሽ አትቅሪ።

የልጅሽ ሕመም ከዚህ ጉዳይ ጋር አይያያዝም። ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው «ማን ኃጢአት ሠራ፣ እርሱ ወይስ ወላጆቹ?» ብለው ሲጠይቁ ጌታ ሁለቱም አይደሉም ብሎ መልሷል (ዮሐንስ 9)። ልጅሽን ወደ ሐኪም ውሰጂው፣ ጸልዪለት፤ የአንቺን በደል ግን አታሸክሚው።