በተከራየሁት ግቢ ያለውን የተበላሸ መዋኛ ገንዳ የማጽዳት ግዴታ የማን ነው?

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ፣ ከዚራ አካባቢ ቪላ ቤት ተከራይቼ ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር መኖር ከጀመርኩ ስምንት ወር ሆነኝ። ጓሮው ውስጥ ስምንት ሜትር በአራት ሜትር የሚሆን የመዋኛ ገንዳ አለ። ስንገባም ውሃው አረንጓዴ ነበር፤ ፓምፑም አይሠራም። አከራያችን የሚኖሩት አሜሪካ ነው። ቤቱን በውክልና የሚያስተዳድሩት ወንድማቸው ስለ ገንዳው ስጠይቃቸው “የምትኖሩበት እናንተ ናችሁ፣ እናንተ አጽዱት፤ እኔ ኪራይ ከመቀበል ያለፈ ሥልጣን የለኝም” ይላሉ። ጎረቤቶች በትንኝ ተማረሩ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ የጎረቤታችን የስድስት ዓመት ልጅ በአጥር ሾልኮ ገብቶ፣ ኳሱን ለማውጣት ገንዳው ጠርዝ ላይ ተንበርክኮ እጁን ሲዘረጋ ደረስኩበት። ጉዳት ቢደርስ ተጠያቂው ማን ነው? ውሃውን ወደ መንገድ ብለቀውስ? የማጽጃውን ወጪ ከኪራዩ መቀነስ እችላለሁ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ እንኳን ደረሱበት። ደብዳቤዎን አንብቤ ስጨርስ ከዓይኔ አልጠፋ ያለው ያ የተዘረጋ እጅ ነው። ስለዚህ ከሕጉ በፊት ዛሬ ሳይመሽ መሠራት ያለበትን ልንገርዎ። ልጁ የሾለከበትን ቀዳዳ ይድፈኑ። የገንዳውን ዙሪያ በቆርቆሮ ወይም በሽቦ ያሳጥሩና መግቢያውን በቁልፍ ይዝጉ። ሸራ ጣል አድርገውበት እንዳይተዉት አደራ፤ ልጅ የረገጠው ሸራ አብሮት ይሰምጥና ከላይ ይሸፍነዋል። ኳሱንም ያውጡት። ውሃ ላይ የተንሳፈፈ ኳስ ልጅ ይጠራል፤ አረንጓዴ ውሃ ደግሞ የገባበትን አያሳይም።

የገንዘቡ ክርክር ከዚህ በኋላ ይደርሳል። ለዚህ ሥራ ያወጡትን ደረሰኝ ያስቀምጡ።

ተጠያቂው ማን ነው ላሉት፣ መነሻው የቤቱ ባለቤት ናቸው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 2077 የሕንፃ ባለቤት ሕንፃው ለሚያደርሰው ጉዳት፣ ጉዳቱ አስቀድሞ ሊታሰብ የማይችል ቢሆን እንኳ፣ ኃላፊ እንደሆነ ይደነግጋል። መሬት ተቆፍሮ በሲሚንቶ የተሠራ ገንዳ የሕንፃው አካል ነው ብዬ ነው የምከራከረው። ባለቤቱ ባሕር ማዶ መኖራቸው ከዚህ ኃላፊነት አያወጣቸውም። “ልጁ ሾልኮ ነው የገባው” የሚለው መከላከያም የስድስት ዓመት ሕጻን ላይ ሲሆን ብዙ ርቀት የሚያስኬድ አይመስለኝም።

ይህን አንብበው ግን “እኔ የለሁበትም” እንዳይሉ። ብዙ ተከራይ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የዚያው ሕግ አንቀጽ 2028 በጥፋቱ በሌላው ላይ ጉዳት ያደረሰ ሰው እንዲክስ ያስገድዳል፤ አንቀጽ 2029 ደግሞ ጥፋት በቸልተኝነትም ሊፈጸም እንደሚችል፣ አንድን ነገር ማድረግ ብቻ ሳይሆን አለማድረግም ጥፋት ሊሆን እንደሚችል ይናገራል። የግቢው ቁልፍ በእርስዎ እጅ ነው። አደጋውን በዓይንዎ አይተዋል፤ ይህን ማየትዎን ደግሞ ራስዎ በጻፉት ደብዳቤ መስክረዋል። ከዛሬ በኋላ “አላወቅሁም” ማለት አይችሉም። ሰው ቢሞት ጉዳዩ በካሣ ብቻ አይቆምም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው የገደለን ከስድስት ወር እስከ ሦስት ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት ወይም በገንዘብ መቀጮ ይቀጣል። ዓቃቤ ሕግ ባለቤቱን፣ ወኪሉንና እርስዎን ሦስታችሁንም ሊመለከት ይችላል። ላስፈራራዎት ብዬ አይደለም፤ ቀዳዳውን ዛሬ ይድፈኑ ያልኩበት ምክንያት ይህ ስለሆነ ነው።

ወኪሉ “ኪራይ ከመቀበል ያለፈ ሥልጣን የለኝም” ማለታቸውን አልተቀበልኩትም። የውክልናውን ቅጂ ይጠይቋቸው። ወረቀቱ ሥልጣናቸውን ለይቶ ካላጠበበው በቀር፣ በጠቅላላ አነጋገር የተሰጠ ውክልና የአስተዳደር ሥራዎችን ለመፈጸም ያስችላል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2204 የአስተዳደር ሥራ ብሎ ከሚዘረዝራቸው ውስጥ የመጀመሪያው ንብረትን መጠበቅና ማደስ ነው፤ ከሦስት ዓመት ለማይበልጥ ጊዜ ማከራየትና ገንዘብ መሰብሰብ ከእሱ ቀጥለው የመጡ ናቸው። ኪራዩን የሚቀበሉበት ሥልጣን ፓምፑን ለማስጠገንም ያገለግላል ማለት ነው።

ወደ ማጽዳቱ ስንመጣ፣ ወሳኙ ጥያቄ ገንዳው ቤቱን ሲረከቡ በምን ሁኔታ ላይ ነበር የሚለው ነው። አከራይ የተከራየውን ነገር ለአገልግሎት ብቁ አድርጎ ማስረከብና በዚያው ሁኔታ ማቆየት አለበት። ተከራይ ላይ የሚወድቀው ውሉ ወይም ልማዱ የሚጥልበት አነስተኛ ጥገናና የዕለት ተዕለት እንክብካቤ ነው። ንጹሕና የሚሠራ ገንዳ ተረክበው በእርስዎ እጅ አረንጓዴ ሆኖ ቢሆን መልሴ ሌላ ይሆን ነበር። እርስዎ የተረከቡት ግን አረንጓዴ ውሃና የማይሠራ ፓምፕ ነው፤ ስለዚህ ፓምፑን ማስጠገንና ገንዳውን ለመጀመሪያ ጊዜ ማጽዳት የአከራይ ነው። ከተስተካከለ በኋላ ቅጠሉን መልቀም፣ ክሎሪኑን መጨመርና ማጣሪያውን ማጠብ የእርስዎ ይሆናል። ይህን የሚያስረዳልዎት ማስረጃ ምናልባት ስልክዎ ውስጥ አለ። ቤቱን ሊያዩ የመጡ ጊዜ ወይም በገቡበት ሳምንት የተነሳ ፎቶግራፍ ካለ ቀኑን እንደያዘ ያስቀምጡት።

የጎረቤቶችዎን እሮሮም ቀላል አድርገው አይዩት። አንቀጽ 1225 ባለሀብት በሀብቱ ሲጠቀም ጎረቤቱን እንዳያውክና እንዳይጎዳ ይከለክላል። ድሬዳዋ ላይ ደግሞ ትንኝ ማለት ማሳከክ ብቻ አይደለም። ከተማዋ በ2006 ዓ.ም. በደንጊ ትኩሳት፣ በ2014 ዓ.ም. በወባ ወረርሽኝ ተመትታለች። ለወባው ወረርሽኝ ምክንያት ከሆኑት አንዱ አኖፌሌስ ስቴፈንሳይ የተባለው ትንኝ ነው፤ ሰው በሠራው የውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ የሚራባ፣ የከተማ ኑሮ የተመቸው ዝርያ ነው። በእንዲህ ያለ ሙቀት የትንኝ እንቁላል ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ በራሪ ይሆናል። ወኪሉ መልስ እስኪሰጡ በአቅራቢያዎ ወዳለው ጤና ጣቢያ ሄደው የትንኙን እጭ የሚገድል ኬሚካል እንዲያደርጉልዎት ይጠይቁ።

ውሃውን ወደ መንገድ አይልቀቁት። በነገሩን ስፋት፣ ጥልቀቱ በአማካይ አንድ ሜትር ተኩል ቢሆን እንኳ፣ ገንዳው 48,000 ሊትር ውሃ ይይዛል። ይህ ሁሉ የጎረቤት ግንብ ሥር ቢገባ ከልጁ አደጋ አምልጠው ሌላ ክስ ውስጥ ይገባሉ፤ ኬሚካል ያለበት ከሆነ ደግሞ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ይከተላል። የከተማውን ውሃና ፍሳሽ አገልግሎት አስፈቅደው በመምጠጫ መኪና ማስወሰድ ይሻላል። ባለሙያ ሳያማክሩም ሙሉ በሙሉ አያስደርቁት፤ የከርሰ ምድር ውሃ ቅርብ በሆነበት ቦታ ባዶ ገንዳ ከሥር ተገፍቶ ሊሰነጠቅ ይችላል፣ ያኔ አከራይዎ “ገንዳዬን አፈረሱብኝ” ይላሉ። የቀን ሠራተኛ ቀጥረው አሲድ አስይዘው ወደ ባዶ ገንዳ አያውርዱ። አሲድና ክሎሪን ሲገናኙ የሚወጣው ጋዝ መርዛማ ነው፤ ከአየር ስለሚከብድም ሠራተኛው በቆመበት ጉድጓድ ውስጥ ይጠራቀማል።

ከኪራዩ መቀነሱን በራስዎ ፈቃድ አያድርጉት። ቆርጠው ቢያስቀሩ ነገ ክሱ “ኪራይ አልከፈለችም” የሚል ይሆንና ትክክለኛ ቅሬታዎ በእሱ ይሸፈናል። መንገዱ ይህ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1772 መሠረት ለወኪሉ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይስጡ፤ ለባለቤቱም በስልክ መልእክት ወይም በኢሜይል ቅጂውን ይላኩላቸው። ገንዳው በምን ሁኔታ እንደተረከቡት፣ ልጁ ላይ ሊደርስ የነበረውን፣ የባለሙያ የዋጋ ግምቱንና ለምሳሌ አሥራ አምስት ቀን የሚል የጊዜ ገደብ ይጻፉበት። ወይ ያስጠግኑ፣ ወይ እርስዎ አስጠግነው ከኪራዩ እንዲታሰብ በፊርማ ይስማሙ፣ ወይም ገንዳው ደርቆ በባለሙያ እንዲከደን ይወስኑ። እኔን ብትጠይቁኝ፣ ማንም ለማይዋኝበት ገንዳ ሦስተኛውን እመርጥ ነበር። ጊዜው ካለፈ ሥራውን በአከራዩ ወጪ ለማሠራት እንዲፈቀድልዎ ፍርድ ቤት ማመልከት ይችላሉ።

“ካልተስማማሽ ውጪ” የሚል ማስፈራሪያ ቢመጣ፣ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ከጎንዎ ነው። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ ያዝዛል፤ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይደነግጋል። ውልዎ ካልተመዘገበ ማስጠንቀቂያውን ከመስጠትዎ በፊት ያስመዝግቡት፤ ስለ ገንዳው የተስማማችሁትም እዚያው ይግባ።

ለልጁ እናትም ዛሬውኑ ይንገሩ። ቀዳዳው በእሳቸውም በኩል ክፍት ነው።