በላይ ዘለቀን የሰቀለው ማን ነው?

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር የታሪክ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ ለሚያዝያ 27 ስለ በላይ ዘለቀ የግድግዳ ሰሌዳ እያዘጋጁ ነው። አንዱ «በ1937 ግራዚያኒ ሰቀላቸው» ብሎ ጻፈ፤ አንዷ ደግሞ «የለም፣ በ1945 ነው» አለች። ሁለቱም ያነበቡትን ይዘው ይሟገታሉ። የከተማችን አውሮፕላን ማረፊያ በስማቸው እየተጠራ እንዲህ መሳሳት አይገባንም። የትኛው ነው ትክክል?

መልስ፦ ሁለቱም ዓመቶች ልክ ናቸው፤ የተሳሳተው ሰቃዩ ነው። ደጃዝማች በላይ አዲስ አበባ ላይ የተሰቀሉት በጥር 1937 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ 1945 ይሆናል። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገቡ ሦስት ዓመት ከመንፈቅ አልፏል። ፈርዶ የሰቀላቸው የራሳችን መንግሥት ነው። መራራ ቢሆንም ሰሌዳው ላይ መጻፍ አለበት።

ስህተቱ የሚበቅለው «ዓ.ም.» ስትቀር ነው። 1937ን የፈረንጅ ዓመት አድርጎ ላነበበ ሰው፣ ዓመቱ የየካቲት 12 እልቂት የተፈጸመበት፣ ግራዚያኒ አገር የሚገዛበት ይሆንበታል። ታሪኩ ስለሚገጥም ማንም አይጠራጠርም። ስሌቱን ለተማሪዎቹ አንድ ጊዜ ያሳዩአቸው፦ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 21 ወይም 22 ድረስ 7 ይደመራል፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8። ወረራው መስከረም 1928 ሲደመር 7፣ 1935። የካቲት 12 ቀን 1929 ሲደመር 8፣ 1937። የበላይ ሞት ጥር 1937 ሲደመር 8፣ 1945። ወሩን ሳያዩ ሁሌ 8 የሚደምሩ ልጆች መስከረም ላይ ይሳሳታሉ።

ለምን ተሰቀሉ? በአምስቱ ዓመት በቢቸናና በዓባይ በረሃ ጠላትን ሲያስጨንቁ የኖሩት ሰው ከድል በኋላ የተሰጣቸው የደጃዝማችነት ማዕረግና የቢቸና ግዛት ነበር፤ ከጎጃም ገዥዎች ጋርም አልተስማሙም። ቅሬታቸው መሠረት ነበረው፤ ለጣሊያን ያደሩ ሰዎች ሥልጣን ላይ ይታዩ ነበርና። በአመፅ ተከሰሱ፤ ጦር ዘመተባቸው፤ ተከበው እጃቸውን ሰጡ። የሞት ፍርዱ ወደ እድሜ ልክ እስራት ተለውጦላቸው ነበር። ከእስር ቤት አምልጠው ሲያዙ ግን ምሕረቱ ቀረ። ወንድማቸው እጅጉ ዘለቀም አብረው ተሰቀሉ። ከሁሉ የሚያሳዝነው፣ በዚያው ገመድ ፊት ከቆሙት አንዱ በወረራው ዘመን ከጣሊያን ጋር የነበረው፣ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የልጅ ልጅ ማሞ ኃይሉ መሆኑ ነው። አርበኛና ባንዳ በአንድ ቀን።

ጥያቄ፦ አባ ኮስትር የሚባለው ሌላ አርበኛ ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ የራሳቸው የበላይ የፈረስ ስም ነው።

ጥያቄ፦ በጣና ዳር ተዋግተዋል ብለን እንጻፍ?

መልስ፦ አይጻፉ። አገራቸው ምሥራቅ ጎጃም ነበር። ለዚህኛው ወገን ቅርብ አርበኛ ከፈለጉ ወደ ዳንግላ በኩል የነበሩት ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ አሉ፤ ፎቷቸው ከተገኘ ከበላይ ጎን ይለጠፍ። ሌሎቹ የጎጃም መሪዎች ነጋሽ በዛብህና ኃይሉ በለው ናቸው። በወረራው ዘመን ስለ በላይ የሚጻፈው ላይ «ልጅ በላይ» ይበሉ፣ ደጃዝማችነቱ ከድል በኋላ ነው። የመጨረሻው መስመር እንዲህ ቢሆን ይበቃል፦ «ደጃዝማች በላይ ዘለቀ (አባ ኮስትር)፤ ከነፃነት በኋላ በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ተፈርዶባቸው አዲስ አበባ ላይ ተሰቀሉ፤ ጥር 1937 ዓ.ም.፣ እ.ኤ.አ. 1945።»