ወንድምሽ ይግባኝ እንዲል ከፈለግሽ ቀኑን ዛሬውኑ ቁጠሪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ወንድምሽ ወረዳ ፍርድ ቤት 2 ዓመት ከፈረደበት ዛሬ 6ኛ ቀኑ ነው፤ ይግባኝ ለማለት ስንት ጊዜ አለን ብለሻል። እኔም እዚሁ ባሕር ዳር በታናሽ ወንድሜ ጉዳይ አልፌበታለሁና ያየሁትን ልንገርሽ።

ያኔ አንድ ጉዳይ አዋቂ ነኝ ባይ «60 ቀን አላችሁ፣ ምን ያስቸኩላችኋል?» አለን። አምነነው ቁጭ አልን። 60 ቀኑ ግን የፍትሐ ብሔር ነው። በ13ኛው ቀን ፍርድ ቤቱ አጠገብ ዛፍ ጥላ ሥር ጠረጴዛ ዘርግተው ማመልከቻ የሚጽፉ አባት «ፍርዱ መቼ ተሰጠ?» ብለው ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። በጣታቸው ቆጠሩና «ልጄ፣ ሁለት ቀን ነው የቀረህ!» አሉኝ። እግሬ ከዳኝ።

በ1954 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 187 መሠረት፣ ይግባኝ እንደምትሉ የሚገልጸው ማስታወቂያ ፍርዱ በተሰጠ በ15 ቀን ውስጥ ለፈረደው ፍርድ ቤት ሬጅስትራር (የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ) ይገባል። አጭር ወረቀት ናት፤ ክርክር አይጻፍባትም። እሷ ስትገባ የውሳኔው ግልባጭ ይዘጋጃል። የይግባኝ ቅሬታው ደግሞ ግልባጩ በደረሳችሁ በ30 ቀን ውስጥ ይቀርባል። 30ው የሚቆጠረው ከፍርዱ ቀን አይደለም፣ ከግልባጩ ነው። ለታሰረ ሰው ግልባጩ በማረሚያ ቤቱ በኩል ይደርሰዋል፤ የተቀበለበትን ቀን ይጻፍ። ቅሬታውንም ለማረሚያ ቤቱ ኃላፊ ቢሰጥ ያስተላልፍለታል።

ቀኑ ካለፈ ማስፈቀጃ፣ ማለትም ዘግይቶ ይግባኝ ለማለት ፈቃድ፣ መጠየቅ ይቻላል። ነገር ግን መዘግየቱ የራሱ ወይም የጠበቃው ጥፋት ከሆነ አይፈቀድም። «ሰው አሳሳተን» ማለት ብዙ አያስኬድም።

ቅሬታው ላይ ልብ በይ። የመጀመሪያው ጽሑፋችን «የቤቱ ምሰሶ እሱ ነው፣ እናቱ ታማሚ ናቸው» እያለ ሁለት ገጽ ሞላ። ጠበቃዋ አንብባ ወደ ጎን አደረገችው። ግልባጩን መስመር በመስመር አነበበች። ጠቡ የተነሳው ማታ ጣና ዳር፣ የዓሣ ጀልባዎች የሚታሰሩበት ቦታ ነው። ምስክሩ ጨለማ እንደነበረ ተናግሯል፤ መልኩን ለየሁት ያለውም ራቅ ካለ ጀልባ ላይ ሆኖ ነው። ፍርዱ ላይ ስለ ብርሃኑ አንድም ቃል የለም። የመከላከያ ምስክራችንም ቃል አልተመዘነም። እነዚህን ሁለት ነጥቦች ብቻ ጻፈች። ከፍተኛ ፍርድ ቤቱ «ያስቀርባል» አለ፤ ዐቃቤ ሕግ መልስ እንዲሰጥ ተጠራ። በቂ ምክንያት ካላገኘ ግን ሌላውን ወገን ሳይጠራ ሊዘጋው ይችል ነበር።

አንድ ነገር አልነገርሽንም፦ ወንድምሽ ክሱ ሲነበብለት «ጥፋተኛ ነኝ» ብሎ አምኗል? ካመነ ይግባኝ የሚለው በቅጣቱ ላይ ብቻ ነው፤ በጥፋተኝነቱ ላይ አይችልም። ጠበቃ ማቆም ከከበዳችሁ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፤ ጠይቂያቸው።

9 ቀን አለሽ። ነገ ጠዋት ማስታወቂያውን አስገቢና ምን እንዳሉሽ ጻፊልኝ።