ስለ አንጀት ነርቭ ለምትጠይቁኝ ልጆች

ልጆች እንዴት ሰነበታችሁ። ጥቁር አንበሳ ግቢም ሆነ ቸርችል ላይ ስታገኙኝ ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ "የአንጀትን ነርቭ ሴል ኤሌክትሪክ ለመቅዳት የቱ ማሽን ይሻላል" ነው። ስትጠይቁ ደስ ይለኛል፣ ግን ባካችሁ ከማሽኑ አትጀምሩ፣ መጀመሪያ ማወቅ የፈለጋችሁትን ቁጭ ብላችሁ ጻፉት።

ቤይሊስና ስታርሊንግ የሚባሉ እንግሊዛውያን ፊዚዮሎጂስቶች እ.ኤ.አ. በ1899 የውሻን አንጀት ከውጭ የሚመጣለትን ነርቭ ቆርጠውበት እንኳን ያገኘውን ነገር ወደፊት እንደሚገፋ አሳይተዋል፣ ማለትም አንጀት የራሱ ነርቭ አለው። የአንዷን ሴል ኤሌክትሪክ ከውስጥ መቅዳት የተቻለው ግን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው። ለምን ቢባል ሴሎቹ ትንንሽ ናቸው፣ ያሉት ደግሞ በሁለት የጡንቻ ንብርብሮች መሃል ነው፣ ጡንቻው ትንሽ ኮምተር ሲል የመስታወት ኤሌክትሮዱ ተነቅሎ ይወጣል። እንደዛም ሆኖ ያ ኤሌክትሮድ ነው አንዴ ስፓይክ (አጭር የኤሌክትሪክ ምት) ካደረገች በኋላ ለብዙ ሰከንድ የምትታፈን አይነት ሴል እንዳለች ያሳየን፣ ከውጭ ሆናችሁ ስፓይክ ብቻ ብትቆጥሩ ዝምታዋን ነው የምታዩት፣ ምክንያቱን አታገኙትም።

ካልሲየም ኢሜጂንግ (ሴል ውስጥ ካልሲየም ሲጨምር በብርሃን የሚያሳይ ዘዴ) ብዙ ሴል ባንዴ ያሳያችኋል፣ እኔም እወደዋለሁ፣ ግን ቀርፋፋ ነው፣ ሴሏ ስፓይክ ሳታደርግ የሚደርሳትን ትንንሽ ሲግናል አብዛኛውን ያመልጠዋል። ቮልቴጅ የሚከተለው ቀለም ፈጣን ነው፣ የብርሃኑ ለውጥ ግን በጣም ትንሽ ስለሆነ ጥሩ ካሜራ ይፈልጋል።

አሁን ዋናው ነገር። ጡንቻው እንዳይንቀሳቀስ ብዙ ላብ ኒፈዲፒን ይጨምራል፣ ዋርድ ላይ ለግፊት የምትሰጡት ራሱ። ምስሉ ይረጋል፣ ቆንጆ ዳታ ይወጣል፣ ግን ከነዚህ ሴሎች አንዳንዶቹ የሚነቁት በጡንቻው ውጥረት ነው፣ ስለዚህ ጡንቻውን ስታስተኙ እነሱንም ዝም ታሰኛላችሁ ማለት ነው። ጥያቄያችሁ አንጀት ሲለጠጥ ምን ይሆናል ከሆነ ያ ዳታ አይመልስላችሁም፣ የፈለገ ቢያምር።

እጃችሁን ደግሞ ዛሬውኑ ማስለመድ ትችላላችሁ። ከሥጋ ቤት የበግ አንጀት ግዙ፣ በርዝመቱ ክፈቱት፣ እጠቡት፣ ወጥራችሁ በስፒል ያዙትና ማይክሮስኮፕ ስር የውስጠኛውን ሽፋን ላጡት፣ ከዛ ስሩ ያለውን ስስ ሽፋን፣ ከዛ ክብ የሚዞረውን ጡንቻ በቀጭን ፎርሴፕስ ክር በክር፣ እንደ አቅጣጫው። ከጎተታችሁት የነርቭ መረቡም አብሮ ይመጣል፣ በቀስታ ከሄዳችሁ ግን ረጅሙ ጡንቻ ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ይሄ ለእጅ ልምምድ ብቻ ነው፣ ለመቅዳት ቲሹው በህይወት መኖር አለበት፣ 95 ፐርሰንት ኦክስጅንና 5 ፐርሰንት ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚነፋበት ክሬብስ (የሰውነትን ፈሳሽ የሚመስል የጨው ውሃ) ውስጥ።

ይሄን ሁሉ የምለው ሆዳቸው ተነፍቶ ከክፍለ ሀገር የሚመጡትን ህፃናት ስለማስብ ነው። ሂርሽስፕሩንግ የሚባለው አብሮ የሚወለድ በሽታ ያለበት ልጅ የትልቁ አንጀቱ መጨረሻ ላይ እነዚህ ሴሎች የሉም፣ ሰርጀኖቹ ያንን ክፍል ቆርጠው ሲያወጡ ጫፉ ላይ ነርቭ ያለውም አብሮ ይወጣል፣ የዛ ክፍል ሴሎች እንዴት እንደሚሠሩ ብታዩ ትልቅ ነገር ነው። የሥነ ምግባር ኮሚቴውን ፈቃድና የወላጅን ስምምነት ቀድማችሁ ጨርሱ፣ ፓቶሎጂ የሚያስፈልገውን እንዲወስድ ተነጋገሩ፣ ከኦፕሬሽን ክፍሏ ሲስተር ጋርም አንድ በአንድ ተስማሙ፣ የእናንተ ቁራጭ በቀጥታ ቀዝቃዛ ክሬብስ ውስጥ ይግባ፣ ፎርማሊን (ፓቶሎጂ ቲሹ የሚያቆይበት ፈሳሽ) ከነካው ሴሎቹ ይሞታሉ፣ አለቀ።