አይስክሬሙ ከገበያ ሲሰበሰብ፦ በውጭ አገር ለምትኖሩ ወገኖቼ

እ.ኤ.አ. በ2015 በዳግም ትንሣኤ ማግስት፣ ሰኞ ኤፕሪል 20፣ ብሉ ቤል የተባለው የቴክሳስ አይስክሬም አምራች በገበያ ላይ ያለውን ምርቱን ሁሉ፣ አንድም ዓይነት ሳያስቀር፣ እንደሚሰበስብ አስታወቀ። ሂዩስተን ብዙ ዓመት ኖሬ ስለነበር ዜናው ለጎረቤቶቼ ምን ማለት እንደሆነ አላጣሁትም። ድርጅቱ ከሂዩስተን ብዙም በማትርቀው በብሬናም ከተማ በ1907 የተመሠረተ ሲሆን፣ ለቴክሳስ ተወላጅ ከአያት ወደ ልጅ ልጅ የተላለፈ የቤተሰብ ቅርስ ያህል ነው። እኛም ከጊዜ በኋላ ለምደነው፣ በየልደቱና በየክርስትናው ድግስ ሰዉ ወጡን ከበላ በኋላ ለልጆች የሚቆረሰው እሱ ሆኖ ነበር። አዲስ የሚመጡ ወገኖች ስለ ምግብ ምክር ሲጠይቁኝ እስከ ዛሬ የማነሣው ይህን ታሪክ ነው፤ ምክንያቱም አንድን ምርት መውደድና ያ ምርት ንጹሕ መሆኑን ማወቅ ምን ያህል የተለያዩ ነገሮች እንደሆኑ ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ ምሳሌ አላገኘሁም።

ነገሩ የተጀመረው በአጋጣሚ ነበር። በ2015 መጀመሪያ ላይ የሳውዝ ካሮላይና የጤና ሠራተኞች ለተለመደ ቁጥጥር ከአንድ ማከፋፈያ መጋዘን ናሙና ወስደው ሲመረምሩ ሊስቴሪያ የተባለውን ባክቴሪያ አገኙ፤ የቴክሳስ ባለሥልጣናትም በብሬናም ፋብሪካ ምርቶች ላይ አገኙት። በዚያው ሰሞን በካንሳስ በአንድ ሆስፒታል በሌላ በሽታ ምክንያት ተኝተው የነበሩ አምስት ሰዎች በሊስቴሪያ መያዛቸው ታወቀ። ቢያንስ አራቱ በሆስፒታሉ ከብሉ ቤል አይስክሬም የተሠራ ሚልክሼክ ጠጥተው ነበር፤ ከአምስቱ ሦስቱ ሞቱ። የባክቴሪያው የዘር አሻራ ከቀድሞ መዝገቦች ጋር ሲመሳከር ደግሞ እስከ 2010 ድረስ ወደ ኋላ የሚሄዱ ሕሙማን ተገኙ፤ በጠቅላላው በአራት ግዛቶች አሥር ሰዎች ሆስፒታል ገብተዋል። አምስት ዓመት ሙሉ ማንም ከማንም ጋር አላያያዘውም።

ከሁሉ ይልቅ ልብ እንድትሉት የምፈልገው ግን ድርጅቱ በእነዚያ ጥቂት ሳምንታት ያደረገውን ነው። የአሜሪካ የፍትሕ ሚኒስቴር እንዳስታወቀው፣ የቴክሳስ ባለሥልጣናት በፌብሩዋሪ 2015 ሁለት ምርቶች ላይ ባክቴሪያው መገኘቱን ሲነግሩት ድርጅቱ የጭነት ሾፌሮቹን ልኮ የቀረውን ዕቃ ከየመደርደሪያው አስነሣ፤ ለገዢው ሕዝብ ግን አልተናገረም። ከሁለት ሳምንት በኋላ በሦስተኛ ምርት ላይ ሲገኝም እንዲሁ ዝም አለ። ሕዝቡ የሰማው በማርች 13 ነው። የመንግሥት ተቆጣጣሪዎች በኋላ ባወጡት ሪፖርት ደግሞ ድርጅቱ ራሱ በኦክላሆማ ፋብሪካው ከ2013 ጀምሮ ባደረጋቸው ምርመራዎች የሊስቴሪያ ምልክት ደጋግሞ አግኝቶ እንደነበር ታየ፤ ዕቃ ለማጠብ የሚያስፈልገው የሙቅ ውኃ አቅርቦት እንኳ ችግር ነበረበት። እኔ በግሌ ባክቴሪያው ፋብሪካ በመግባቱ አልፈርድባቸውም፤ እርጥበትና ቅዝቃዜ ባለበት ቦታ ሁሉ የሚገኝ ፍጡር ነው። የምፈርደው በዝምታው ነው። ከመደርደሪያ ላይ በጸጥታ የተነሣ ዕቃ እናንተ ቤት ማቀዝቀዣ ውስጥ ካለው ጋር ምንም ግንኙነት የለውም፤ የእናንተው እዚያው ተቀምጦ ይጠብቃችኋል።

ድርጅቱ ከሠራተኞቹ ከሦስት አንድ የሚበልጡትን አሰናበተ፤ ስምንት ሚሊዮን ጋሎን ያህል አይስክሬምም ተወገደ። ይህን ያህል ከደረሰ በኋላ ስሙ የሚጠፋ መስሎኝ ነበር። በኦገስት 31 ወደ ጥቂት ከተሞች ገበያ ሲመለስ ግን ሰዎች ሱቅ ሳይከፈት ገና በጨለማ ተሰልፈው ነበር። ብሬናም ውስጥ በየግቢው ደጃፍ ለድርጅቱ መልካም የሚመኙ ጽሑፎች ተተክለው ሰንብተዋል። በዚህ ልሣለቅ አልፈልግም። የከተማው ሰው እንጀራው ከፋብሪካው ጋር የተያያዘ ነበር፤ ወዳጅ በችግሩ ጊዜ አይጣልም የሚለውን እኛም እናውቀዋለን። ሆኖም ያ ሁሉ ሰልፍ ሲታይ ፍቅሩ የተገነባው በልጅነት ትዝታ ላይ እንጂ የላቦራቶሪ ውጤት ታይቶ እንዳልነበር ግልጽ ነው። በ2020 ድርጅቱ የተበከለ ምርት ወደ ገበያ በማሠራጨት ጥፋተኛ መሆኑን አምኖ በድምሩ 19.35 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ሲደረግ፣ ያን ያህል የተነጋገረበት ሰው አላየሁም።

አሁን ወደ ራሳችን ልምጣ። በዚያ ኤፕሪል የሰባት ወር ነፍሰ ጡር የነበረች አንዲት እህት ከእኛ ብዙም በማይርቅ አፓርታማ ትኖር ነበር። እናቷ አራስ ሊጠይቁና ሊያርሱ ከጎንደር መጥተዋል። ማቀዝቀዣው ውስጥ ለፋሲካ ለልጆች የተገዛ ግማሽ ጋሎን አይስክሬም፣ ገና እኩሌታው ሳይበላ፣ ተቀምጧል። በጾሙ ጊዜ ማንም ስላልነካው የመጀመሪያዎቹ ማስታወቂያዎች በሙሉ በላያቸው ላይ አልፈዋል፤ ወሬውንም ከቁም ነገር አልቆጠሩትም ነበር። እኔ ስለ ጉዳዩ ለመንገር በደወልኩ ጊዜ እናትየው ስልኩን ተቀብለው፣ «ልጄ፣ በረዶ ሆኖ የተቀመጠን ነገር ምን ይነካዋል? እህል እኮ አይጣልም» አሉኝ።

ሁለቱም ቃላቸው ከሚያስቡት በላይ የብዙዎቻችን ነው። የመጀመሪያውን በተመለከተ፣ ብርድ ሊስቴሪያን አይገድለውም። በበረዶ ውስጥ ሳይሞት ይቆያል፤ ብዙ ባክቴሪያዎች በሚደነዝዙበት በተራ ማቀዝቀዣ ሙቀት፣ በ4 ዲግሪ ሴልሺየስም ቢሆን፣ ቀስ እያለ ይራባል። ሲቀምሱት አይጎመዝዝም፣ ሲያሸቱት አይሸትም። «ሲያዩት ያላማረ ሲበሉት ያቅራል» የሚለው አባባላችን ለሻገተ እንጀራና ለተበላሸ ወጥ በደንብ ያገለግላል፤ እዚህ ላይ ግን አይረዳንም፣ የተበከለው አይስክሬም ሲያዩትም ሲበሉትም ያማረ ነውና። ጤናማ ጎልማሳ ብዙ ጊዜ ምንም ሳይሰማው ያልፋል። ነፍሰ ጡር፣ አዲስ የተወለደ ሕፃን፣ ዕድሜው ከ65 ያለፈ፣ የካንሰር ሕክምና የሚወስድ ወይም የበሽታ መከላከል አቅሙ የደከመ ሰው ግን በብርቱ ሊታመም ይችላል። በነፍሰ ጡሯ ላይ በሽታው እንደ ቀላል ጉንፋን ትኩሳትና ቁርጥማት ብቻ ሆኖ ይመጣና ጽንሱን ሊያስጨነግፍ ወይም ሕፃኑ ሞቶ እንዲወለድ ሊያደርግ ይችላል።

ሁለተኛውን፣ እህል አይጣልም የሚለውን፣ እኔም ከእናቴ የወረስኩት ስለሆነ በቀላሉ አላልፈውም። ድህነትንና ረሀብን ያየ ሰው ምግብ መጣልን እንደ ኃጢአት ቢቆጥር አያስደንቅም። ለእናትየው የመለስኩላቸው፣ ዕቃው የሚመለስበት ሱቅ እንዳለና ገንዘቡ ሙሉ በሙሉ እንደሚከፈላቸው በመናገር ነበር። ዕቃ ከገበያ በሚሰበሰብበት ጊዜ ገንዘብ ማስመለስ የተለመደ ስለሆነ፣ ለእንዲህ ያሉ ወላጆቻችን ከባክቴሪያው ገለጻ ይልቅ ይህኛው ቶሎ ይገባል።

ብሉ ቤል ብቸኛው አይደለም። በ1994 ሽዋንስ የተባለው የሚኒሶታ ድርጅት አይስክሬም ሳልሞኔላ በተባለ ሌላ ባክቴሪያ ተበክሎ በመላ አሜሪካ ወደ 224,000 የሚገመቱ ሰዎችን አሳመመ። ወተቱ ፓስቸራይዝድ ተደርጎ፣ ማለትም ባክቴሪያው እንዲሞት በሙቀት ታክሞ ነበር፤ ያጓጓዘው ቦቴ ግን ቀደም ብሎ ጥሬ እንቁላል ጭኖበት ኖሯል። በአውሮፓ የምትኖሩም በ2022 ከቤልጂየሙ የአርሎን ፋብሪካ የወጡት የኪንደር ቸኮላቶች ፋሲካ ሲቃረብ በኤፕሪል መሰብሰባቸውን ታስታውሱ ይሆናል፤ እዚያም ፋብሪካው ሳልሞኔላውን ያገኘው ከወራት በፊት ነበር። በዚያው ወር በእስራኤል ሽትራውስ የተባለው የምግብ ድርጅት በዚሁ በሳልሞኔላ ምክንያት ኤሊት የተባሉ ጣፋጮቹን ሰብስቧል።

የሽዋንስን ታሪክ ስሰማ ወዲያው ትዝ ያለኝ የራሳችን አይብ ነው። አሬራውን በቀስታ አሙቀን ስናረጋው ከባክቴሪያው ብዙው ሊቀንስ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ግን በእጅ እንጨምቀዋለን፣ በጨርቅ እናጠነፍፈዋለን፣ በጎመን ወይም በቅመም እንለውሰዋለን፣ ከዚያም ሳምንት ሙሉ ማቀዝቀዣ ውስጥ እናስቀምጠዋለን። በእሳት ያለፈ ነገር ከእሳት በኋላ በሚነካው ነገር ይበከላል። ቤት ውስጥ ተሠርቶ በፕላስቲክ ዕቃ የሚሸጥ አይብ ስትገዙ መቼ እንደተሠራ ጠይቁ፤ ነፍሰ ጡር ለሆነች ሴት ከሆነ ትኩሱን፣ በፓስቸራይዝድ ወተት የተሠራውን ብቻ ስጧት። ክትፎን በተመለከተ ብዙ መጻፍ አያስፈልገኝም፤ በእርግዝና ጊዜ ጥሬም ለብ ለብም መቅረብ የለበትም፣ በደንብ ይብሰል። የአገር ልጅ ሱቅ ስለሆነ መጠየቅ ነውር የሚመስለን ብዙ ነን። የአገሬ ሰው ለብሬናም ፋብሪካ የሚሰለፈውን ቴክሳሳዊ ሲታዘብ፣ እሱ ራሱ ለሠፈሩ ባለ ሱቅ ያለውን ይሉኝታ አያስተውለውም።

ማስታወቂያው ወደ እናንተ እንዲደርስ ምን ታደርጋላችሁ? በአሜሪካ አይስክሬምን፣ አይብንና አብዛኛውን ምግብ የሚቆጣጠረው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ሲሆን፣ ሥጋና ዶሮ በግብርና ሚኒስቴር ሥር ናቸው፤ ሁለቱም የሚሰበሰቡ ምግቦችን ዝርዝር በኢሜይል ለተመዘገበ ሰው በነፃ ይልካሉ። እንግሊዝኛው የሚቸግራቸው ወላጆች ካሏችሁ የምትመዘገቡት እናንተ ሁኑ። ሌላው ሰዎች የሚዘነጉት የሱቁ የደንበኝነት ካርድ ነው። አንዳንድ ትልልቅ መደብሮች የተበከለ ዕቃ የገዛውን ደንበኛ በካርዱ መዝገብ ፈልገው ይደውላሉ ወይም ይጽፋሉ፤ ከእኛ ብዙው ሰው ግን የሰጠው ስልክ ከሦስት ቤት በፊት የነበረውን ነው። ስልካችሁን አሳድሱ። ካርዱ ለእኔ ከሚያስገኘው የሳንቲም ቅናሽ ይልቅ ይህኛው ጥቅሙ ይበልጥብኛል።

ማስታወቂያው ሲደርሳችሁ ስሙን ብቻ አይታችሁ አትወስኑ፤ የዕቃውን ዓይነት፣ መጠኑንና በክዳኑ ወይም በታችኛው በኩል የታተመውን ኮድና ቀን አመሳክሩ። አይስክሬሙን ወደ ሌላ ዕቃ ገልብጣችሁ ካርቶኑን ጥላችሁ ከሆነ ኮዱም አብሮ ሄዷልና፣ ጥርጣሬ ካለ አስወግዱት። የነካውን መደርደሪያና ማንኪያ በሙቅ ውኃና በሳሙና እጠቡ። ለቤተ ክርስቲያንም ሆነ ለመስጊድ ወይም ለዕድር የቴሌግራም ቡድን ስትልኩ የመሥሪያ ቤቱን ማስታወቂያ ራሱን ከነኮዱ አያይዙ። «እንትና ሱቅ እንዳትገዙ» የሚል በድምፅ የተቀዳ መልእክት ብቻ መላክ ጥፋት የሌለበትን አንድ ቤተሰብ ከሥራ ሊያስወጣ ይችላል፤ እንዲህ ሲሆን አይቻለሁ።

የበላ ሰው ቢታመም ደግሞ ሕመሙ በማግስቱ ብቻ የሚመጣ አይምሰላችሁ። ሊስቴሪያ ከተበላ በኋላ እስከ 70 ቀን ድረስ ቆይቶ ሊነሣ ይችላል። ስለዚህ በተለይ ነፍሰ ጡሯ ትኩሳት ከያዛት፣ ከሁለት ወር በፊት የበላችው ምርት ከገበያ እንደተሰበሰበ ለሐኪሙ በግልጽ ትንገር። ሐኪሙ ሳይነገረው ላይጠረጥር ይችላል፤ በደም ምርመራ ይታወቃል፣ ቶሎ ከተደረሰበትም በፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ይታከማል። አስተርጓሚ መጠየቅ መብታችሁ ነው።

ብሉ ቤልን ዛሬ ትበላለህ ወይ ብለው የሚጠይቁኝ አሉ። ከተመለሰ በኋላ ሁለት ዓመት ያህል ቆይቼ መብላት ጀምሬያለሁ። ከዚያ በፊት የጠበቅሁት የማስታወቂያ ቃላቸውን አይደለም፤ ምርት ከመጋዘን ከመውጣቱ በፊት መርምሮ ማቆየት እንደጀመሩና ተቆጣጣሪዎች እየተከታተሏቸው እንደሆነ በተደጋጋሚ እስክሰማ ነበር። ሌላው ሰው የራሱን ጊዜ ይውሰድ፤ ጨርሶ የማይመለስም አይወቀስም።

ያቺ እህት አይስክሬሟን መልሳ ገንዘቧን ተቀበለች፤ በገንዘቡም ማንጎ ገዛች። እናቷ ግን ከሱቅ ሲመለሱ መንገድ ላይ፣ «እኛስ ደወልክልን፤ በዚህ ሕንፃ ያሉት ሌሎቹ ሐበሾች ማን ደወለላቸው?» ብለው ጠየቁኝ። መልስ ስላልነበረኝ ያን ማታ እሳቸው ነጠላቸውን አጣፍተው ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሆነን ከአንደኛው ፎቅ ጀምረን በር ማንኳኳት ያዝን። በአራተኛው በር የከፈተችልን ልጅ ማንኪያ በእጇ ይዛ ነበር።